ዶሮዋ እስክትነሣ

አባ ጎሹ ቤት ጠዋት የሚጀምረው በቅቤ ሽታ ነው። ሽማግሌው ወፍ ሲንጫጫ ከመደባቸው ይነሣሉ፤ በጣሳ ውኃ ፊታቸውን ያብሳሉ፤ ለጋውን ቅቤ በሁለት መዳፋቸው መካከል ሲያሻሹ ቆይተው ወደ በሽተኛዋ ወደ አንጓች ይመጣሉ። ቀዩን እራፊ ይፈቱታል፣ የቀርቀሃውን ስንጥሮች አንድ በአንድ ያነሣሉ፣ ከጉልበቷ ጀምረው በአውራ ጣታቸው ይወርዱና የተሰበረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንጓች ጥርሷን ትነክሳለች። መልሰው ያስሯታል። ከዚያ ያንኑ ቅቤ ይዘው ወደ ጓሮ ይወጡና፣ ጌሾው ሥር በገመድ የታሰረችውን ቄብ ዶሮ አንሥተው፣ የእሷንም እግር ፈትተው፣ አሽተው፣ ከዚያው ቀይ ጨርቅ በተቀደደ እራፊ መልሰው ያስሯታል።

የአባ ጎሹ አሠራር እንዲህ ነው። ወጌሻ በየመንደሩ ሞልቷል፤ እንዲህ የሚሠራ ግን በዚያ አገር ከእሳቸው በቀር የለም። የተሰበረ ሰው ሲመጣላቸው ለወንድ አውራ ዶሮ፣ ለሴት ቄብ ያስመጣሉ። የሰውየው ስብራት በግራ ከሆነ የዶሮውን ግራ፣ ከጉልበት በታች ከሆነ ከጉልበት በታች፣ እንደ በቆሎ አገዳ ቀጭ ያደርጉታል። ሁለቱን እኩል ያስራሉ፣ እኩል ያሻሉ፤ ዶሮዋ የተነሣች ቀን በሽተኛውም ይነሣል። የሚቀበሉት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ሳይነሣ ሌላው አይገባም።

አንጓች ይህን ያየች ዕለት ሕመሟን ረስታ ነበር የተቆጣችው። እሷ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረች ከብትና ዶሮ ስትከትብ የኖረች ሰው፣ ጤነኛ ቄብ ፊት ለፊቷ ሲሰበር ዝም ማለት አልሆነላትም።

«አባባ፣ ይቺ ዶሮ ምን አደረገች?» አለቻቸው።

«አንቺስ ምን አድርገሽ ነው የተሰበርሽው?» አሏት፤ ጨርቁን ማሰራቸውንም አላቋረጡም።

«ይህ መልስ አይደለም» አለቻቸው። አንጓች ገና በልጅነቷ «እምቢ» የሚለውን ቃል «እማ» ከሚለው በፊት አወቀችው እየተባለ የሚቀለድባት ናት። ጽሕፈት ቤቱ ሞተር ሳይክል ሲመደብለት አለቃዋ አቶ ስሜነህ ቁልፉን ለወንዶቹ ሊሰጥ ፈልጎ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብሎ ተርቶ ነበር። እሷም ተነሥታ «እንግዲያው ይለቅ፣ ሞተሩን ግን እኔ እነዳዋለሁ» አለች፤ ነዳችም። ዳገት ቁልቁለቱን፣ ጭቃውን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ ከኋላዋ የክትባቱን በረዶ ሳጥን አስራ፣ ሄልሜቷን እስከ አገጯ ቆልፋ ነዳች። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ኋላ ግን የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ ከብቶቻቸውን ማሰባሰብ ጀመሩ።

የወደቀችው ከአባ ጎሹ ቤት ቁልቁል፣ ዝግባው ካለበት መታጠፊያ ላይ ነው። ክረምት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ሲወጣ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ ነበር የምትሄደው። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ መንገዱ መሃል ሰው ቆሟል። ፊቱን ጉሙ ሸፍኖታል፤ ያየችው አንድ እግሩ ላይ የተጠመጠመውን ቀይ ጨርቅና ወደ ላይ የተነሣውን በትር ብቻ ነው። አፉ ተከፍቷል፤ የሚላት ግን በሞተሩ ድምፅ አልተሰማትም። ላለመግጨት መሪዋን ጠመዘዘች። ሞተሩ ተንሸራቶ ግራ እግሯ ላይ ተኛ፤ የአጥንቷን ድምፅ ከፍሬኑ ድምፅ ለይታ ሰማችው።

«መንገድ ላይ ሰው ነበር» ብላ ለትራፊክ ፖሊሱ ነገረችው፣ ለአለቃዋ ነገረችው፣ ለእናቷም ነገረች። ሰው የሚባል ግን አልተገኘም። አቶ ስሜነህ «የወደቀ ሁሉ ሰው አየሁ ይላል» ብሎ ሳቀባትና የሞተሩን ቁልፍ እንድትመልስ አዘዘ። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። «የምመልሰው እየነዳሁ መጥቼ ነው» አለች። መሪው የተጣመመው ሞተር በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ዝናብ እየመታው ቀረ፤ ቁልፉ ግን እሷ ደረት ላይ ነው።

ሆስፒታሉ አጥንቷ ሁለት ቦታ መሰበሩን በራጅ አይቶ፣ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳ ብረት እንዲገባላት ወሰነ። እናቷ ወይዘሮ ላቀች ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። «በልጄ አጥንት ብረት አይገባም! ወጌሻ እያለ?» አሉ። አንጓች በሕይወቷ ሙሉ እምቢ ያላለችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሕመሙ አፏን ይዞት ነበር፤ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አባ ጎሹ ሲያወጧት ሰማይ ሰማዩን ታይ ነበር።

የገባች ዕለት ከእሷ በፊት የነበረው በሽተኛ ሊወጣ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ታፈረ ይባላል፤ ሰው በሞተር የሚያመላልስ ጎልማሳ፣ ታፋው ተሰብሮ የከረመ። አሁን ግን እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አውራ ዶሮውም አጥር ላይ ወጥቶ ይጮሃል። ታፈረ እግሯን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለ። ሲያልፍ የጋቢዋን ጫፍ ረግጦ ስለነበር ለዚያ መሰላት። «ምንም አይደል፣ እንኳን ማረህ» አለችው። ሰውየው ግን ፊቱን አዙሮ፣ ደኅና ሁኑ እንኳ ሳይል፣ በኋላ በር ወጣ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ቀኑ ከቀን አይለይም። ጠዋት ቅቤ፣ ቀትር ላይ ሽሮ፣ ከሰዓት ጉም። የአባ ጎሹ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። በግቢው ውስጥ የሚርመሰመሱት ዶሮዎች ብዛት አንጓችን ይገርማት ጀመር። ሁሉም የዳኑ ናቸው፤ ሁሉም አንድ እግራቸው ከሌላው ትንሽ ይጣመማል። አይታረዱም፣ አይሸጡም። አንዴ «እነዚህን ለምን አትበሏቸውም?» ብላ ብትጠይቅ፣ እትዬ አልጋነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው «ኧረ በስማም» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

መጀመሪያ የሰማችው የሞተሩን ድምፅ ነው። ጉሙ መውጣት ሲጀምር፣ ከታች ከወንዙ በኩል አንድ ሞተር ዳገቱን ይጀምራል። ሞተረኛ ናትና ማርሽ ሲቀየር ታውቃለች፤ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ጉልበት ሲያጥረው የሚያሰማው ያ ማቃሰት። ድምፁ ይቀርባል፣ ዝግባው ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ያልቃል። አይወድቅም፣ አይጋጭም፣ አያልፍምም። ብቻ ያልቃል። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሌላ ይመጣል፤ እሱም አያልፍም።

ብዙ ቀን ከሰማችው በኋላ ነው የቤቱን ሰዎች ያስተዋለችው። ድምፁ ዳገቱን ሲጀምር የእትዬ አልጋነሽ ጣቶች ከእህሉ ላይ ይቆማሉ። አባ ጎሹ የሚያወሩትን ያቋርጣሉ። ያ ሁሉ ዶሮ መጫሩን ትቶ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ወደ መንገዱ ይዞራል። ድምፁ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ምንም እንዳልሆነ ወደየሥራው ይመለሳል።

«እትዬ፣ ይሄ ሞተር የት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የምን ሞተር?» አሉ እትዬ አልጋነሽ። እጃቸው ግን ገና ከእህሉ ላይ እንደቆመ ነበር።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። ቤቱ ውስጥ ኩራዝ እንኳ የለም፤ የፀሐይ መብራት ነው ያላቸው። ቢሆንም ቤንዚን ይሸታታል። መጀመሪያ ከራሷ ልብስ መስሏት ልብሷን አሳጠበች። ከዚያ ከጋቢው፣ ከመደቡ ጭቃ፣ ከቅቤው ሳይቀር ይሸታት ጀመር፤ የከረመ ቤንዚን ሳይሆን፣ ሞተር ወድቆ ታንከሩ ሲፈስ ትኩስ ሞተር ላይ የሚተነው ዓይነት። ያን ሽታ የወደቀ ሰው አይረሳውም። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ፣ ሰው ሁሉ እያወራ፣ በድንገት አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል።

ፈራች። መፍራቷ ደግሞ አናደዳት፤ «ጉም ነው፣ ድካም ነው» ብላ ራሷን ተቆጣችው። እግሯን ግን መቆጣት አልቻለችም። ጣቶቿ ቀን በቀን ይቀዘቅዙ ነበር። ቆዳው ጠቁሯል፤ ስትቆነጥጠው እንደ ሰው ቆዳ ነው፣ የእሷ አይመስላትም። ሸኮናው ሊሞት የተቃረበ በሬ ምን እንደሚመስል አይታለች። እንዲያ ሲሆን ምን እንደሚደረግም ታውቃለች። የተቆረጠ እግር ይዛ ሞተር አትነዳም፤ አቶ ስሜነህም እስኪሞት ድረስ ይተርትባታል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ሄደው ብቻዋን ስትቀር፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ጓሮ ወጣችና ቄቧን ያዘቻት። ጨርቋን ፈታች፣ ስንጥሮቹን አነሣች። የሠለጠኑ ጣቶቿ አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ገጥሟል። ጠንካራ፣ ያበጠ ነገር የለው፣ ቁስል የለው፤ ጥሩ አድርጎ ከገጠመ ሰንብቷል። ዶሮዋን በሁለት እግሯ አቆመቻት። ቄቧ ወደቀች። ደግማ አቆመቻት፤ ደግማ ወደቀች። በሦስተኛው ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያም አንገቷን አዙራ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች፤ ሰው የቀጠረ ሰው እንደሚያይ። አንጓች ከእጇ ለቀቀቻት።

ያኔ ከታች ሞተሩ ዳገቱን ጀመረ። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ማቃሰት። ዝግባው ጋ ሲያልቅ እግሯ ውስጥ አጥንት ከአጥንት ጋር ሲፋተግ ተሰማት፣ ማንም ሳይነካት። ከጓሮው ዶሮዎች አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም።

«በቃ!» አለች ጮክ ብላ፣ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። «በቃኝ! እግሬን ለዶሮ አላስጠብቅም።»

ስልክ የሚሠራው በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ድረስ ተንፏቃ ለይበልጣል ደወለችለት። ይበልጣል የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ሁሉም «ብለናት ነበር» ሲል፣ እሱ ብቻ «መቼ ነው የምትነጂው?» ብሎ የጠየቀ። በየሳምንቱ በራሱ ሞተር እስከ ወንዙ ድረስ መጥቶ፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከዚያ በእግሩ ወጥቶ፣ ብርቱካን ይዞላት ይመጣ ነበር።

«ዶሮዋስ እንዴት ናት?» አላት።

«ዶሮዋን ተዋት። ነገ መጥተህ ሆስፒታል ውሰደኝ። ይቁረጡት፣ ብረት ያስገቡበት፣ ብቻ ውሰደኝ።»

«እናትሽስ?»

«እናቴን እኔ እችላቸዋለሁ። መንገዱ ደርቋል፤ እስከ በሩ ድረስ በሞተር ና። ከሰዓት ሳይሆን ረፋድ ላይ ድረስ።»

«እሺ እመቤቴ። እግርሽን እንደ ባንዲራ ዘርግተን ከተማ እንገባለን።»

«ሄልሜትህን ደግሞ ራስህ ላይ አድርግ። ሁልጊዜ ክርንህ ላይ ነው የምታንጠለጥለው፤ የሚሰበረው ክርንህ አይደለም።» ይበልጣል ሳቀ። ያን ሳቅ ስትሰማ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

በማግሥቱ ረፋዱ አለፈ፤ ይበልጣል አልመጣም። ቀትር ላይ «ስብሰባ ይዞኝ ነው፣ አሁን ተነሣሁ» የሚል መልእክት ገባ። አንጓች ዕቃዋን በፌስታል ሸክፋ ጨርሳ ነበር። አባ ጎሹን ጠርታ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ብላ ክርክሯን አዘጋጅታ ነበር፤ እሳቸው ግን ቅቤ የነካ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ማን ይወስድሻል?» ብቻ አሉ።

«የሥራ ጓደኛዬ።»

«በምን?»

«በሞተር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ አልጋነሽ የያዙት ወንፊት ከእጃቸው ወደቀ፤ እህሉ ተበተነ፤ አንድም ዶሮ ሊለቅመው አልመጣም።

ጥቂት ቆይተው አሮጊቷ አጠገቧ ተቀመጡና ጆሮዋ ሥር ተናገሩ። ድምፃቸው የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር፤ ቃሉ ግን ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፍ ይወርድ ነበር። «ልጄ፣ ለምን ጠራሽው? ዶሮዋ እኮ በቅቤ አትነሣም። ዶሮዋ የምትነሣው እዚያ ታች ሌላ ሰው ሲወድቅ ነው። የታፈረ ዶሮ የተነሣው መቼ ይመስልሻል? አንቺ የወደቅሽ ዕለት ነው። እዚህ ቤት ስብራት አይድንም፣ ይሻገራል እንጂ። አሁን ያንቺ ተራ ነው፤ የሚመጣው ሞተር ደግሞ የጓደኛሽ ነው።»

የአንጓች ቁጣ ከሆዷ ተነሥቶ ወጣ። «እምቢ!» አለች። «በሰው ስብራት አልቆምም! ይቆረጥ እግሬ፣ ይውደቅ! እኔ አንጓች ነኝ፣ ዶሮ አይደለሁም!» ወደ ድንጋዩ ተንፏቃ ደወለች። ጠራ። ደገመች፤ ጠራ። ይበልጣል እየነዳ ስልክ አያነሣም፤ ያን ያስተማረችው እሷ ናት። ከገደሉ በታች ጉሙ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ የወንዙ ድልድይ ጠፍቷል፣ ባሕር ዛፎቹ እየጠፉ ነው።

«እወርዳለሁ» አለች። «መንገዱ ላይ ቆሜ አስቆመዋለሁ።»

የሚከለክላት ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር። አባ ጎሹ ግን ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱትና ከጥግ ምርኩዝ አንሥተው ሰጧት። ምርኩዙ የወይራ ነው፤ መያዣው በብዙ እጅ መዳፍ ተሽቶ ያብረቀርቃል። «ሂጂ ልጄ፣ በርቺ» አሏት። «ታፈረም እንዳንቺው ቁጡ ነበረ።»

ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። ምርኩዙን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። መንገዱ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ጭቃ ነው፤ ምርኩዙ ይሰምጣል፣ ትነቅለዋለች፣ ይሰምጣል። የታሰረው እግሯ ድንጋይ በነካ ቁጥር ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ይፈነዳል። ወደቀች፤ ተነሣች። ደግማ ወደቀችና በአፈሩ ላይ በክርኗ ተሳበች፣ ቀሚሷ ተቀደደ፣ መዳፏ ደማ፤ «እምቢ፣ እምቢ» እያለች፣ በየትንፋሿ መካከል አቶ ስሜነህን እየተሳደበች፣ አባ ጎሹን እየተሳደበች፣ ያን ስም የሌለውን ዶሮ አስነሺ ነገር እየተሳደበች ወረደች። እንዲህ ስትናደድ ነበር ዳገት የምትወጣው፤ አሁንም ቁጣዋ ነው የተሸከማት። ጉሙ እርጥብ ነው፤ አፏ ውስጥ ገብቶ የቤንዚን ጣዕም አለው።

ዝግባው ጋ ስትደርስ ሞተሩን ሰማችው። ይህኛው የእውነት ሞተር ነው፤ የጭስ ማውጫው ትንሽ የተሰነጠቀ፣ የይበልጣል ሞተር። ሦስተኛ ማርሽ። ከመንገዱ ዳር ብትቆም በዚህ ጉም አያያትም። ከመታጠፊያው ወዲያ እንዳትወርድ ጊዜ የላትም፤ ከወዲህ ብትቆምም አይጠቅምም፣ እሱ የሚወድቀው መታጠፊያው ላይ ነውና። እናም ማንም ልብ ያለው ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ መንገዱ መሃል ገብታ ቆመች። ሁለተኛ ማርሽ። በአንድ እግሯ ቆማ ምርኩዙን የቻለችውን ያህል ወደ ላይ አነሣች።

«ይበልጣል! ቁም! ቁም!»

ብርሃኑ ከጉሙ ወጣ። ከብርሃኑ በላይ ፊቱን አየችው፤ ራሱ ባዶ ነው፣ ሄልሜቱ ክርኑ ላይ ነው። እሱም አያት። ዓይኖቹ መጀመሪያ ያረፉት ወደ ላይ በተነሣው ምርኩዝ ላይ፣ ቀጥሎ እግሯ ላይ በተጠመጠመው ቀይ ጨርቅ ላይ ነበር። ያን አስተያየት አወቀችው፤ የራሷ ነበር። ያ ጉሙ ውስጥ የቆመው ሰው፣ አፉ የተከፈተው፣ በሞተሩ ድምፅ ያልሰማችው ታፈረ፣ ሲጮህ የነበረው «ቁሚ!» ብሎ ነው። እሱም እምቢ ብሎ ነው የወረደው። ከእሱ በፊት የነበሩትም፣ ግቢው ውስጥ የሞሉት ዶሮዎች ባለቤቶች ሁሉ፣ አሮጊቷ በጆሯቸው ነግረዋቸው፣ ሽማግሌው በሩን ከፍተውላቸው፣ ሌላውን ለማዳን እዚህ ቆመዋል።

ምርኩዙን ጥላ ወደ ዳር ልትወድቅ ሞከረች። ይበልጣል ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘ።

ከዚያ ፍሬኑ ጮኸ፣ ብረቱ ድንጋዩን ፋቀ፣ ቀጥሎም ያ ደረቅ፣ ትንሽ ድምፅ። ሄልሜቱ ከክርኑ አምልጦ መንገዱ ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ቆመ። የሞተሩ ጎማ በአየር ላይ እየዞረ፣ እየዞረ ዝም አለ። ከላይ፣ ከአባ ጎሹ ግቢ በኩል፣ አንዲት ቄብ ዶሮ ክንፏን አራግፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሽካካ ተሰማ።

«እምቢ!» ብላ ጮኸች አንጓች። «እምቢ፣ አልቀበልም! ይበልጣል፣ ስማኝ፣ እዚያ ቤት አትገባም! በጀርባዬ ሆስፒታል አደርስሃለሁ፣ ሰምተሃል? አትገባም!» እያለቀሰችና እየጮኸች ከሞተሩ ሥር ልታወጣው አጠገቡ ስትንበረከክ ነው፣ በሁለቱም እግሯ ሮጣ መምጣቷን ያወቀችው።